የፋጡማ እንጨት

ልጅ እያለሁ ጭስ ጭስ የማይል ወተት ወተት አይመስለኝም ነበር። አሁን ልጆቼ በላስቲክ የታሸገውን ከፍሪጅ አውጥተው ሲጠጡ አያቸዋለሁ። ነጭ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ሽታ የሚባል የለውም። «ምን ምን ይላል?» ብዬ ስጠይቃቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። የኛ ወተት ግን ገና ክዳኑ ሲነሳ አፍንጫ የሚሞላ፣ ጣፈጥም ከረር ከረርም የሚል የእንጨት ጭስ ነበረው። ሻይ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከጅቡቲ የሚመጡ ሾፌሮች ገዋኔ ላይ የቀረበላቸውን ሻይ ትተው፣ ጥማቸውን ይዘው እኛ ጋ የሚደርሱት ለሱ ብለው ነበር። ይህን የምጽፈው አፌ ውሃ ሞልቶ እንዳይመስላችሁ። ተናድጄ ነው።

እናቴ ዘምዘም ከወሎ ከአባቴ ጋር ወርዳ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ የቀረች ሴት ናት። አባቴ ጋራዥ ይሠራ ነበር፤ እኔን በቅጡ ሳያሳድግ ሞተ። እሷ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ካለ ኒም ዛፍ ሥር ሻይ ቤት ከፈተች። ሻይ ቤት ስል አራት ቋሚ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ትልቅ የከሰል ማንደጃ ማለቴ ነው። የተሳቢ ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ለምሳ የሚቆመው የአውቶቡስ ተሳፋሪ ሁሉ «እትዬ ዘምዘም» እያለ ይጎርፍ ነበር። እጀ ሰፊ ናት፤ የተራበ ረዳት ሳታበላ አትሰድም። ቁጣዋ ግን ቅርብ ነው። እሷ ስትቆጣ ባቡሩም ጡሩምባውን ዝቅ ያደርጋል እያሉ ሾፌሮቹ ይቀልዱባት ነበር።

ወተቱን የምታመጣልን ፋጡማ ነበረች። ከሐዲዱ ማዶ ከሰፈሩት የአፋር ቤተሰቦች የአንዱ እናት ናት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትስቅ ድምፅ የማታሰማ። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከዘንባባ ቅጠል ጥብቅ ተደርጎ የተሠፋውን የወተት ዕቃዋን በጀርባዋ አዝላ፣ ልጇን አሲያን ከኋላዋ አስከትላ ትደርሳለች። ጭሱ የሚመጣው ከዚያ ዕቃ ነው። ቤታቸው ሄጄ ሲደረግ አይቼዋለሁ። የአንድ ዛፍ ደረቅ እንጨት ሰነጣጥቃ ፍም ላይ ታደርግና፣ መጨስ ሲጀምር ዕቃውን አፉን ወደ ታች ደፍታ ትይዝበታለች፤ ጭሱ ሽመናው ውስጥ እስኪገባ ታገላብጠዋለች፣ ከዚያ ወተቱ ይታለብበታል። ወተቱ በአዋሽ ሙቀት ቶሎ የማይበላሸውም ከዚያ እንጨት የተነሳ ነው። እኛ የከተማ ልጆች ለዛፉ ስም አልነበረንም፤ «የፋጡማ እንጨት» እንለው ነበር። የአፋርኛ ስሙን በኔ አንደበት በጠራሁት ቁጥር አሲያ በሳቅ ስለምትወድቅ እዚህም አልደፍረውም።

ፋጡማ ወተት አትሸጥም ነበር። ይህን አንባቢዬ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። እሷ ባደገችበት ደንብ ወተት መሸጥ ነውር ነው፤ ለእንግዳ ይሰጣል እንጂ ዋጋ አይጠራለትም። ስለዚህ ዕቃዋን ከደጃችን ታስቀምጥና ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ትቀመጣለች። እናቴ ወተቱን ወደ ድስቷ ትገለብጣለች፣ ቀጥላም የፋጡማን የጨርቅ ከረጢት አንስታ ስኳር፣ አንዳንድ ቀን ዱቄት፣ አንዳንድ ቀን ሻይ ቅጠል ትሞላባታለች። አንዷ ስትቀዳ ሌላዋ አታይም። ስንት ሆነ፣ አነሰ፣ በዛ የሚል ቃል በመካከላቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ ከሥጋ ሻጩ፣ ከሽንኩርት ሻጩ፣ ከቀረጡ ሰውዬ ጋር ስትጨቃጨቅ ውላ፣ ከፋጡማ ጋር ብቻ እንደዚያ ትሆን ነበር።

አሲያና እኔ እኩዮች ነን። ትልልቆቹ ሻይ ይዘው ሲቀመጡ እኛ ከኒሙ ሥር ሰኞ ማክሰኞ እንዘላለን፣ በጠርሙስ ክዳንና በሰርዲን ጣሳ ዕቃ ዕቃ እንጫወታለን። እኔ ትምህርት ቤት ስገባ ጨዋታችን ትምህርት ቤት ሆነ፤ እኔ በእርግጥ አስተማሪ ነኝ። ከማንደጃው ዳር ከሰል እያነሳሁ በቤታችን የጀርባ ግድግዳ ላይ ሀ ሁ እጽፍላት ነበር። አሲያ ፊደሎቹን በጣቷ እየተከተለች፣ ጣቷ እስኪጠቁር፣ ከፍ ባለ ድምፅ ትደግማለች። እናቴ አንድ ቀን ከኋላችን ቆማ አየቻትና «ይቺ ልጅ አእምሮ አላት» አለች። ወደ ፋጡማ ዞራም «መስከረም ይምጣ እንጂ ኢንሻአላህ ከልጄ ጋር ትምህርት ቤት ነው የማስገባት። እዚሁ ታድራለች፣ ያው የኔም ልጅ ናት» አለቻት። ፋጡማ ለዚህ መልስ ለመስጠት ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ሴት ልጅ ከቤቷ ወጥታ ከተማ ማደሯ ቀላል ነገር አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ስኳሯን ተቀብላ ስትነሳ «እሺ፣ ትማር» አለች። እኔና አሲያ የምንተኛበትን ምንጣፍ በዚያው ቀን መሃሉ ላይ በጠመኔ ከፈልነው።

ሱጉም የሚሉት የበልግ ዝናብ ጥሎ ሲያልፍ፣ ቁርኣን ቤት በማይኖርበት ቀን፣ እናቴ ከነፋጡማ ጋር ሜዳ እንድወርድ ትፈቅድልኝ ነበር። የአዋሽን ሜዳ በሌላው ወራት ብቻ ያየ ሰው አያምነኝም። አመዱ መሬት በጥቂት ቀን ውስጥ ቢጫ፣ ነጭ፣ ሐምራዊ ይሆናል። ስም የማላውቃቸው፣ ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ የማይሉ አበቦች ከድንጋዩ ሥር ሁሉ ይወጣሉ፤ ግራሩ ቢጫ አበባውን ይለብስና ንቡ ላዩ ላይ ይጮኻል። ፍየሎቹ እንኳ የቱን እንደሚበሉ ይቸግራቸዋል። እኛ እንለቅማለን፣ ጸጉራችን ላይ እንሰካለን፣ ሻርፓችን ውስጥ ቋጥረን ስንመለስ ግን ጠውልጎ እናገኘዋለን።

የፋጡማ እንጨት የሚበቅለው ከደረቁ ወንዝ ዳር ነበር። እሱም በዚያው ሰሞን ያብባል፤ ጥቃቅን፣ ነጣ ያለ ቢጫ፣ ከቅርብ ካላሸተቱት የማይሸት አበባ። አንድ ቀን ቅርንጫፉን ጎትቼ ልሰብር ስል ፋጡማ እጄን ያዘችኝ። በኃይል አልነበረም፤ ግን አልለቀቀችኝም። «በአበባዋ እርጉዝ ናት። እርጉዝ አይመታም» አለችኝ። ለዕቃዋ የሚሆነውን ቀድማ፣ አበባው ሳይመጣ፣ ከደረቀው ቅርንጫፍ ብቻ ለቅማ ታስቀምጥ ነበር። እርጥቡን አትነካም፣ ግንዱን አትነካም። እሷ ብቻ ሳትሆን ሁሉም ሴቶች እንደዚያ ያደርጉ ነበር፤ ያ ዛፍ ከእናቶቻቸው ጀምሮ እዚያው የቆመው ለዚያ ነው።

ከዚያ የከሰሉ ነገር መጣ። ከሰል በፊትም ነበረ፤ የዚያን ሰሞን ግን በአዋሽ አርባ በኩልም በኛም በኩል የመንገዱ ዳር ሁሉ በጆንያ ተሞላ። ባዶውን የሚመለስ መኪና ሁሉ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የሚያከስሉት ከየት እንደመጡ የማናውቃቸው ሰዎች ነበሩ፤ ከአገሬውም የተቸገረ ገብቶበታል። እናቴ ደግሞ ከሰል ታውቃለች። ከጆንያው አንድ አንስታ ከሌላው ጋር ታጋጫለች፣ እንደ ብርጭቆ የሚያቃጭለውን ትመርጣለች። «ይሄ ነው ከሰል! አይጨስ፣ አይንጣጣ፣ አንዴ ካቀጣጠልኩት እስከ ዙሁር ይቆይልኛል» ትላለች። ከምን ዛፍ እንደሆነ አትጠይቅም፤ ማንም አይጠይቅም። ጆንያዎቹ ከደጃችን ተደርድረው ይቆማሉ፣ ፋጡማ በየጠዋቱ በነሱ በኩል አልፋ ወተቷን ታስቀምጣለች።

ወተቱ መለወጥ የጀመረው ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ ጭሱ ቀነሰ። ቀጥሎ ሌላ ጭስ መጣ፤ ጉሮሮ የሚይዝ፣ ምላስ ላይ የሚቀር መራራ ነገር። አሁን እንደማውቀው ፋጡማ እንጨቷን ስታጣ፣ በወንዙ ዳር መንሰራፋት በጀመረው ፕሮሶፒስ በሚባለው እሾሃም መጤ ዛፍ ማጠን ጀምራ ነበር። ያኔ ግን እኛ የምናውቀው ሻዩ እንደመረረ ብቻ ነው። አንድ ማታ፣ አግዳሚው በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ የረጅም ጊዜ ደንበኛችን የሆነ የተሳቢ ሾፌር ብርጭቆውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና «እትዬ ዘምዘም፣ በሞቴ ወተቱን ምን ነካው? መድኃኒት አጠጣሽን እኮ» አለ። ሁሉም ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። ሰው ፊት ማፈር ለሷ ከረሃብ ይብስባታል።

በማግስቱ ፋጡማ ስትመጣ ሻይ ቤቱ ሙሉ ነበር። እናቴ የዕቃውን ክዳን አንስታ አሸተተች፣ በጣቷ ቀመሰች።

«ፋጡማ፣ ምን ጨመርሽበት?»

«ምንም።»

«ውሃ ነው ዱቄት? እውነቱን ንገሪኝ። ሰው ፊት አዋረድሽኝ እኮ!»

ፋጡማ መጀመሪያ የተጠየቀችው የገባት አልመሰለኝም። የሰጠችው ስጦታ ነው፤ በስጦታ ላይ ውሃ የሚጨምር ማን ነው? ቆይታ «እንጨት የለም» አለች። «ያ እንጨት አለቀ። በሌላ አጠንኩ።» ይህን ስትል በአገጯ ከደጃፉ ወደ ተደረደሩት ጆንያዎች አመለከተች።

«እንጨትና ወተት ምን አገናኛቸው?» እናቴ ጮኸች። «አላህን አትፈሪም? ለየቲም ልጅ ጉሮሮ የምሠራውን እንጀራዬን ልትዘጊው ነው?» አለችና ዕቃውን በሁለት እጇ አንስታ፣ ወተቱን ሙሉውን ኒሙ ሥር ደፋችው።

አሲያ የእናቷን ሽርጥ ጨብጣ ቆማለች፤ እኔን አላየችኝም። ፋጡማ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ቁጢጥ አለችና በሁለት መዳፏ ደረቅ አፈር እየዛቀች ወተቱን መክደን ጀመረች። ሰው እንዳይረግጠው ነው። ነጩ አንድም ቦታ እስከማይታይ ድረስ ከደነችው። ከዚያ ባዶ ዕቃዋን አዝላ፣ ልጇን ይዛ፣ ስኳሩን ትታ ሄደች። ከጎረቤት አንድ ሽማግሌ «ካፍ የወጣ አፋፍ፣ ዘምዘም» አሏት። እናቴ ለሳቸውም መልስ ነበራት።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ፤ ያ ወሬ በእግር ይሄድና ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል። የኛም ደረሰ። ከዚያ ጠዋት በኋላ አንዲት አፋር ሴት በደጃችን ወተት አስቀምጣ አታውቅም። እናቴ ወደ አዋሽ አርባ ሰው ላከች፣ በገበያ ቀን ራሷ ቆማ ለመነች፤ ሴቶቹ በትሕትና ሰላም ይሏትና ያልፋሉ። የዱቄት ወተት ጀመረች። ሾፌሮቹ በትንሽ በትንሹ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው አዲስ ሆቴል ተሻገሩ። እሷ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው «ውሃ ጨምራለች» ማለቷን አልተወችም። መስከረም ጠባ። እኔ በምንጣፉ በኔ ወገን ብቻ እየተኛሁ፣ የጠመኔው መስመር እስኪጠፋ ድረስ ጠበቅሁ። «አሲያስ?» ብዬ በጠየቅሁ ቁጥር እናቴ ሥራ ታዘኛለች።

ባለፈው ግንቦት መባቻ ለሥልጠና ሰመራ ሄድኩ። ነርስ ነኝ፤ ሰመራን ከዚያ በፊት በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ነበር የማውቃት። ያረፍኩበት ሆቴል ዘበኛ ሸምገል ያሉ አፋር ናቸው። ከሙቀቱ የተነሳ እንቅልፍ እምቢ ስለሚለኝ ከሳቸው ጋር በረንዳ ላይ አወራ ነበር። የልጅነት ጓደኛ ነበረችኝ፣ የአዋሽ ልጅ፣ እናቷ ፋጡማ ትባላለች አልኳቸው። ፋጡማ ብዙ ነው፣ የማን ጎሳ አሉኝ። አላውቅም። ባሏስ? አላውቅም። ስንት ዓመት ወተቷን የጠጣሁላት ሴት ናት፤ ስለሷ የማውቀው ነገር ባለመኖሩ አፈርኩ። በመጨረሻ ሳልወድ «አንዲት ሻይ ሻጭ ወተቷን የደፋችባት» አልኩ።

ሽማግሌው ወዲያው ቀና አሉ። «ኧ! ወተቷ የፈሰሰባት ፋጡማ! ምነው ቀድመሽ እንዲህ አትዪም?»

ከአዋሽ እስከ ሰመራ ያለውን መንገድ አስቡት። ዘመኑንም አስቡት። ሴትየዋን በምን እንደሚያውቋት ሲገባኝ ከዚያ በረንዳ ተነስቼ መሬት ብገባ በወደድኩ። ዘበኛው ለአንድ ሰው ነገሩ፣ ያ ሰው ለሌላ ነገረ፤ ሥልጠናው ሳያልቅ አንዲት ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ ያጠለቀች ሴት ከሆቴሉ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ስትስቅ ድምፅ አታሰማም። አሲያ ናት። ልጇ ሰመራ ሥራ ይዞ እሷንም አምጥቷታል። ፋጡማ ከሞተች ቆይታለች። «ስለዚያ ቀን አውርታ አታውቅም» አለችኝ። «ከአዋሽ ሰው ሲመጣ ግን ‹የዘምዘም ልጅ ደህና ናት?› ብላ ትጠይቅ ነበር። ነርስ መሆንሽን ሰምተናል። ስታገቢም ሰምተናል። የመጀመሪያ ልጅሽ ሲታመም ዱዓ አድርጋልሻለች።» እኛ ቤት ራዲዮም ስልክም ነበር። ስለ ፋጡማ ሞት ግን የሰማነው ነገር አልነበረም።

የሥልጠናው መዝጊያ ከሰዓት በኋላ ከከተማው ዳር የተከፈተ የአገር በቀል ዕፅዋት መናፈሻ ሊያሳዩን ወሰዱን፤ አሲያን ይዣት ሄድኩ። ክፉ አልናገርም፣ ያምራል። ዝናቡ ጥሎ ስለነበር ሁሉም አብቧል። የልጅነቴ ጥቃቅን አበቦች በድንጋይ በተከበበ መደብ ውስጥ ተሰልፈዋል፣ ግራሩ ቢጫውን ለብሷል፣ ሬቱ ቀይ አበባውን አውጥቷል፣ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። ሜዳ ሙሉ የነበረውን በመደብ ሳየው ግን ደስ አላለኝም። ሰልጣኞቹ «ይሄ ሁሉ እዚህ አገር ይበቅላል?» እያሉ ይደነቃሉ።

የፋጡማ እንጨት ከመሃል ነበር፤ አንድ ብቻ፣ በሽቦ ታጥሮ። ዛፉ አብቧል። አሲያ ሽቦውን ይዛ ቆመች። ብዙ ቆየችና ከፊቱ ወደተተከለው ሰሌዳ ዞረች። ጣቷን በፊደሎቹ ላይ አስኬደች፤ እንደ ድሮው የምታውቀውን ከፍ ባለ ድምፅ ትጠራለች፣ የማታውቀውን ትዘላለች። ግድግዳችን ላይ የጻፍኩላት እስከ ሰ ድረስ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያስተማራት የለም። «ምን ይላል?» አለችኝ።

አነበብኩላት። የአካባቢው ማኅበረሰብ የወተት ዕቃ ያጥንበታል ይላል።

«ከየት አምጥቶ?» አለች አሲያ።

ከሽቦው ሥር አንድ ደረቅ ጭራሮ ወድቆ ነበር። ጎንበስ ብላ ልታነሳው ስትል ወጣቱ ጥበቃ መጣና «እናቴ፣ ይቅርታ፣ ምንም ነገር መውሰድ አይቻልም» አላት። አልተቆጣትም፣ ሥራው ነው። አሲያ ጭራሮውን መልሳ አስቀመጠች። የዚያን ጊዜ ነው ነፋሱ የዞረውና ሽታው የመጣው።

እኔ መጀመሪያ አላመንኩም። ጣፈጥ ያለ፣ ከረር ያለ፣ ወተቱ ብቻ የጎደለው ያው ጭስ። የተጠማሁ ያህል ምራቄን ዋጥኩ። ሁለታችንም ሽታውን ተከትለን ከአጥሩ ጀርባ ወጣን። ሠራተኞቹ ግቢውን ለእንግዳ ሲያሳምሩ ዛፉን ከርክመውታል መሰለኝ፣ ቅርንጫፉን ከነአበባው ከላስቲኩና ከቆሻሻው ጋር ከምረው ያቃጥሉታል።

«በአበባዋ?» አለች አሲያ።

ከዚያ እጇን ዘርግታ ከትከሻዬ ላይ ሻርፔን ወሰደች። ላስቲኩ ከሚነደው ወገን ራቀች፣ ቅርንጫፉ ብቻ በሚጨስበት በኩል ቆማ ሻርፑን በሁለት እጇ ደፍታ ያዘችበት። እናቷ ዕቃዋን እንደምታገላብጠው አገላበጠችው፣ ጭሱ ክሩ ውስጥ እስኪገባ ታገሰች። አጣጥፋ፣ አየር በማያስገባ ፌስታል ውስጥ ከታ፣ አፉን ቋጥራ ሰጠችኝ። «ለእናትሽ» አለች። ይቅርታ ይሁን ክስ አልነገረችኝም።

ስመለስ መንገዱ ዳር ገዋኔ አካባቢ ፕሮሶፒሱ ግንብ ሆኖ ቆሟል፣ ከፊቱም የከሰል ጆንያ እንደ ድሮው ተደርድሯል። እናቴ አሁን ዓይኗ ደክሟል፤ ጥላ ብቻ ነው የምታየው። ሻይ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፣ እሷ ግን ኒሙ ሥር መቀመጥ አልተወችም። ምንም ሳልናገር አጠገቧ ቁጭ ብዬ ፌስታሉን ፈታሁት።

ቀና አለች። «ፋጡማ መጣች?» አለችና ወንበሯን ተደግፋ ለመነሳት ታገለች። «አንቺ ልጅ፣ ስኳሩን አቀብዪኝ! ከረጢቷን ተቀበያት፣ አታቁሚያት!»

«እማዬ፣ ፋጡማ የለችም። ከሞተች ቆየች።»

ቀስ ብላ ተመለሰችና ተቀመጠች። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች። ሻርፑን ከእጄ ወስዳ ፊቷ ላይ አደረገችው። ከዚያ ከጨርቁ ውስጥ፣ በደከመ ድምፅ፣ «እንጨቱ ተገኘ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ደነገጥኩ። ያንን ሁሉ ዓመት «ውሃ ጨምራለች» ስትል የኖረች ሴት ናት። «እንጨት መሆኑን ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ያ ጥሩ ከሰል መምጣቱን ያቆመ ጊዜ፣ ከሷ እንጨት የተከሰለ እንደነበር ገባኝ» አለች። «የከሰሉ መጥፋትና የወተቱ መምረር አንድ ሰሞን ነበር። ነግራኝ ነበር እኮ። ጆንያውንም አሳይታኛለች።»

«ታዲያ ለምን አልሄድሽም? ከሐዲዱ ማዶ እኮ ናቸው!»

ሻርፑን ይበልጥ ወደ ፊቷ አስጠጋች። እኔም ተናድጄ ተነስቼ ገባሁ። አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ፤ በሷም፣ በከተማችንም፣ አንድ ዛፍ አጥሮ ቅርንጫፉን ከቆሻሻ ጋር በሚያነድደው መናፈሻም። ድሮ ያ ጭስ በየቀኑ በነጻ ይመጣልን ነበር፣ እኛ ስኳር ቀድተን እንመልሳለን፤ አሁን ዛፉን ለማየት አገር አቋርጠን እንሄዳለን፣ ጭራሮ እንኳ ይዘን አንመለስም። አሲያ ልትማርበት የነበረው ክፍል የዛሬዎቹ ልጆች ፊደል ይጮኹበታል፤ አዋሽ በሄድኩ ቁጥር በዚያ በኩል አላልፍም።

ሻርፑ እናቴ ጋ ነው፣ እንዲታጠብ አትፈቅድም። እሷ ዘንድ ባደርኩ ቁጥር ጠዋት ኒሙ ሥር ትቀመጥና አፍንጫዋ ላይ አድርጋ በረጅሙ ትስባለች፤ ከዚያ ወደ እኔ ትዘረጋልኛለች። «አለ አይደል?» ትለኛለች። ሽታው ከጠፋ ቆይቷል፤ የሚሸተኝ የሷ የእጅ ቅባት ብቻ ነው።

«አዎ እማዬ» እላታለሁ፣ «አለ።»